የመዳፏ ቦታ

ናፖሊ ላይ አንድ ቤት፥ ከባሕሩ በላይ፣
ደረጃው የሚያደክም፥ መስኮቱ ለፀሐይ፤
ሦስተኛ ፎቅ ወጥተህ፥ ወደ ግራ ስትዞር፣
በመስታወት ሣጥን፥ በቁልፍ የሚኖር፣
ቁመቱ ስንዝር ነው፥ ሰው ግን ሦስት ይዟል፤
ሦስት ሰው፣ አንድ ውሻ፥ ባንድ እሳት በስሏል።

ጥርስ ነቃይ ቆሟል፥ ካባው ቀይ፣ ጫማው ወርቅ፣
ጉጠቱን አስገብቶ፥ ሳይነቅል ሳይለቅ፤
ከወንበር ያለው ሰው፥ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣
ሁለት መቶ ስልሳ ዓመት፥ ዝም ብሎ ይጮኻል።
ውሻው ከእግሩ ሥር ነው፤ ተኝቷል፤ አይሰማም፤
ሸክላ ውስጥ የገባ፥ ጩኸት አይወጣም።

ከኋላው አለች ልጅ፥ ሽብሽብ ቀሚስ ለብሳ፣
ክንዷን ወደሱ ልካ፥ ራሷን ቀልሳ፤
ክንዷ ግን ካንጓዋ ላይ ያልቃል።
ስብራቱ ነጭ ነው፥ ያበራል እንደ ጨው፣
መዳፍ የነበረበትን፥ አየር ነው የያዘው።

ካርዱ ግን አይጠራጠርም፦
«ጥርስ ነቃይና ሌባ። ባለቀለም ሸክላ።
የልጅቷ እጅ ጎድሏል፤ ጉዳት የለም ሌላ።»
እንዲህ ነው ፍርዱ እንግዲህ፥ በሙዚየም ዓለም፣
እጇን አጥታ እንኳ፥ ሌብነቷ አልቀረም።

ጋስፓሬ ዘበኛው፥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ከዚህ ሣጥን ጎን ነው፥ ወንበሩም መዋሉ፤
የተማሪ መንጋ፥ ከፊቱ ሲሳሳቅ፣
«መስታወት አይነካም!» ይላል፥ ጉንጩን በእጁ ሲያሞቅ።
የግራ መንጋጋው፥ ከፋሲካ ወዲህ፣
ይጠዘጥዘዋል፥ ሲል እንዲያ፣ ሲል እንዲህ።
ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ይፈራል። ነገሩ፣
ከወጣትነቱ፥ ጉጠት ነው መምህሩ።

ሙዚየሙ ዝግ ነው። ሰኞ ነው። ፎስካ መጣች፣
ጠጋኟ፤ ሣጥኑን ከፍታ መነጽር አጠለቀች፤
ጥጥ በስንጥር ጠቅልላ፥ በምራቅ አርጥባ፣
እንደ ድመት እናት አበሰች፥ የቀሚሱን አበባ በአበባ።
«እጅ ልሠራላት ነው» አለችው ዘበኛውን፣
«ጣቷ ከኪሱ ውስጥ፥ ሲጎትት ቦርሳውን።
ንድፉ ይኸው፣ ጸድቋል።»

ጋስፓሬ ንድፉን አየ። ልጅቷን አየ። ጉንጩን ያዘ።
«ኪስ የለውም» አለ።
«ምን አልክ?»
«ሰውየው። ኮቱ ኪስ የለውም።
አሥር ሺህ ቀን አየሁት፤ አንድ ኪስ አላየሁም።
ሰው የሚያያት ከፊት ነው፤ እኔ ግን ከጀርባ፣
ክንዷ ወደ ላይ ያቀናል፥ ወደ ኪስ አይገባ።
እህቱ ትሆናለች፤ ወይ ሚስቱ፤ ማን ያውቃል፤
ትከሻውን ልትይዝ ነው። ጥርስ ሲነቀል ያማል።»

ባትሪዋን አብርታ፥ ትከሻውን ፈተሸች፣
እንደ ምስር ክክ፥ ሻካራ ነጥብ አየች፤
የጣት ስባሪ ይሁን፥ ወይስ የእሳት ጉድፍ፣
ምሎ የሚናገር፥ የለም ሰው ወይ መጽሐፍ።
ንድፉን አጣጥፋ ከተተችው፥ በራሷ ኪስ።
ካርዱ ላይ «ሌባ» የሚለውን በእርሳስ ሰረዘች፣
«ልጅ» ብላ ጻፈች።
እጁን ግን አልሠራችም።

ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ፥ ሰምቼ ነበረ፣
ለሰው ሁሉ ስቆ፥ ጌታውን ያሳረረ፤
ባዳውን ሊያስነቅል፥ ማክሰኞ ጋስፓሬ፣
ለአለቃው ላከበት፦ «አልመጣም ለዛሬ።»

ከገበያው ጀርባ፣ ዓሣ ከሚሸጥበት ጠባብ መንገድ፣
ሁለተኛ ደርብ ላይ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘረጋ፤
መብራቱ ዓይኑን ወጋው፤
አፉን ከፈተ፣ እንደዚያ ሰው፤
ብረቱ ጥርሱን ሲነካ፣
ትከሻው ላይ የሆነ ነገር ዐረፈ፣
ቀላል፣ ሞቅ ያለ፣ የድሮ አቧራ የሚሸት።
ማን እንደሆነች ዘወር ብሎ እንዳያይ
አፉ ተይዞ ነበር።